ውሃ ነው ያልኩት ባዝቃ

ጠርሙሱ ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። ከመደርደሪያው ላነሳው ስሞክር ግን ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀ መሰለኝ። የትምህርት ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ ከኋላዬ ሆነው ሳቁ።

«በሬ የዋጠ ጠርሙስ ነው፤ በሁለት እጅሽ ያዢው» አሉኝ።

አቧራውን በጣቴ ስጠርገው በእጅ የተጻፈ «ባዝቃ» የሚል ቃል ወጣ። ከሥሩ የደበዘዘ ማኅተም አለ፤ ከክቡ ውስጥ የሚነበበው «ሀገረ ሕይወት» የሚለው ብቻ ነው። አምቦ በዚያ ስም በምትጠራበት ዘመን ከዚያ ወደ እኛዋ ጎጆ ከተማ የተላከ መሆን አለበት። ኃላፊው እሳቸው ከመቀጠራቸው በፊት ጀምሮ እዚያው እንደነበረ፣ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገሩኝና መዝገብ አውጥተው አስፈረሙኝ። ቀኑን፣ የዕቃውን ስምና የራሴን ስም አጥርቼ ጻፍኩ። ያኔ ጥንቃቄ ማለት አጥርቶ መፈረም ይመስለኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቄ የተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ያደግሁት አምቦ ነው። ጎጆ ከአምቦ በስተሰሜን ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ መንገዱን የሚውጥባት ከተማ ናት። ብርዱን ለመድኩት። ያልለመድኩት ክፍል ውስጥ መቆምን ነበር። ሰሌዳው ፊት ስቆም ድምፄ እየሰለለ ይሄዳል፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት «ቲቸር፣ ድምፅ ጨምሪ!» ይሉኛል፣ ልክ ሬዲዮ እንደሚያዝ ሰው። ሁሉም ይስቃል። እኔም ልስቅ እሞክራለሁ።

ተራው የኤሌክትሪክ ሞተር ትምህርት ላይ ሲደርስ፣ ተማሪ ሳለሁ በስልኬ ላይ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው ባዝቃ በኩባያ ያደርግና ከሥሩ ማግኔት ያስቀምጣል። ከላይ ያንጠለጠለው የመዳብ ሽቦ ጫፉ ባዝቃውን እንዲነካ ያደርጋል። ባትሪውን ሲያገናኘው ሽቦው ብቻውን ዙሪያውን ይሽከረከራል። ጥርስ የለው፣ ጎማ የለው፤ ሞተር ግን ነው። ይህን ባሳያቸው እኔን ትተው ኩባያውን ያያሉ ብዬ አሰብኩ። ሐሳቤ ሁሉ ይኸው ነበር። ስለ ፊዚክስ ፍቅር ብዬ አደረግሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እንዳልታይ ብዬ ነው።

ቀድሜ ቤቴ ልሞክረው ወሰንኩ፤ ክፍል ውስጥ እንቢ ቢለኝ ያንን ሳቅ ስለማልችለው።

የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ «ኢንተለ ኮ» ነው የሚሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ እንደማለት። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ «አካም ቡልቴ ኢንተለ ኮ» ብለው እንዴት እንዳደርሁ ሳይጠይቁኝ ያለፉበት ቀን የለም። ልጃቸው ጭልሞ ደን ውስጥ ይሠራል፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሚስቱ፣ የአከራዬ ምራት፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ለሚወለደው ኮፍያ ትሠራለች። እያወራች ነው የምትሠራው፤ እኔ ዝም ስል ለሁለታችንም ታወራለች።

ባዝቃ መርዝ መሆኑን አውቃለሁ። ሳልማረው ቀርቼ እንዳይመስል ይህን መጻፍ አለብኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህራችን በአንድ ትምህርት ላይ በግልጽ ነግረውናል፤ የሚጎዳው ይበልጡን በእጅ ሲነካ ሳይሆን ተንኖ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው፤ ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሙቀት ሲያገኝ ይብስበታል። ደብተሬ ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። እና የእጅ ጓንት አደረግሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ይበቃል አልኩ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሲኒ ከላዩ፤ ባዝቃውን ቀስ ብዬ ቀዳሁ። ሲፈስ ድምፁ የውሃ አይደለም፤ ከበድ ያለ፣ የታፈነ ነገር ነው። ሽቦውን አንጠለጠልኩ፤ ሁለት ባትሪ ድንጋይ አጋጠምኩ። መጀመሪያ ሽቦው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በአውድማ ላይ እንደሚያበራይ በሬ ሲኒውን መዞር ጀመረ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጎጆ ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

«ኢንተለ ኮ! አለሽ?»

አከራዬ በሩ ላይ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሽቦ ስጠቀልል አይተውኝ «ቆጣሪዬን አቃጥለሽ ሰፈሩን ጨለማ እንዳታደርጊው» ብለው ቀልደውብኝ ነበር። ቀልድ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ይዤዋለሁ። ሽቦውን ነቀልኩ፣ ሲኒውን አንስቼ ወደ አልጋዬ ሥር ልገፋው ጎንበስ አልኩ። ሲኒ ያህል ነገር እንደዚያ ይከብዳል ብሎ እጄ አልጠበቀም። ተገለበጠ።

አከራዬ ትኩስ የድንች ቅቅል በሳህን ይዘው ገቡ። እኔ ከአልጋው ፊት ቆሜያለሁ፤ እግሬ ሥር ሲኒው ተደፍቷል።

«ምን ፈሰሰ?»

«ውሃ ነው፣ እማማ።»

«ውሃ ከሆነማ ይደርቃል» አሉ፤ ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ሳይቀዘቅዝ ብዪ፣ ጨው አድርጌበታለሁ» ብለውኝ ወጡ።

ለመዋሸት አላሰብኩም። ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ ሳልመርጠው ነው። ግን ሳህኑ ገና እየተነነ ሳለ ተከትያቸው ወጥቼ «እማማ፣ ውሃ አይደለም» ልላቸው እችል ነበር፤ በመካከላችን የነበረው ስምንት እርምጃ ያህል ነው። ያንን ርቀት በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ተራምጄዋለሁ።

ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው፣ የተሰነጣጠቀ። ባዝቃው እንደ ዶቃ ተበትኖ በየስንጥቁ ገብቷል። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መጥረጊያ ማንሳት ነበር፤ ከሁሉ የባሰውም እሱ ነው። በጠረግሁት ቁጥር አንዱ ጠብታ አሥር ይሆናል፣ አሥሩ ወደ ማይታይ ብናኝ ይለወጣል። ቆይቼ በካርቶን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ስንጥቁን በመርፌ ቁልፍና በጣቴ ቆፈርኩ። ጠርሙሱ ውስጥ መልሼ ስጨምረው የጣት ስፋት ያህል ጎደለ። የጎደለው ከእግሬ ሥር አለ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ እንዴት እንደሚጸዳ ላነብ አልቻልኩም። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። መምህሬ ጋ መደወል እችል ነበር። «አያስታውሱኝም» ብዬ ተውኩት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ያልጠየቀች ተማሪ ድንገት ደውላ «ባዝቃ ደፋሁ» ስትል ይታየኝና አፍራለሁ።

ከዚያ በኋላ መስኮቴን አልዘጋሁም። ጉሙ ይገባል፣ ብርድ ልብሴ ይረጥባል። ምራቲቱ ኮፍያዋን ይዛ ስትመጣ ነጠላዋን እየተከናነበች ትስቅብኛለች።

«ቲቸር፣ ከበጎቹ ጋር ብታድሪ እኮ ይሞቅሽ ነበር!»

«አየር ደስ ይለኛል» እላታለሁ።

«አየሩንማ ከውጭ ብትበይው አይሻልም?»

እና አልጋዬ ላይ ትቀመጣለች። ከሥሯ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሆዷም ይታየኛል። ለምን «ዛሬ ውጭ ፀሐይ ላይ እንቀመጥ» አላልኳትም? አንዳንድ ቀን ብያታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አላልኩም፤ ደጋግሜ ብላት ትጠረጥራለች ብዬ። መስኮቱ ክፍት ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ተለቅልቋል። አከራዬ እጃቸውን እየታጠቡ ከደጅ ቆመዋል።

«አይጥ ቆፍሮብሻል፣ አንቺ ምንም አትይም» አሉኝ። «ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩልሽ። እስኪደርቅ ከእኛ ጋር እደሪ።»

የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አመሰገንኳቸው። ስለዚያ ቀን ለመጻፍ የሚያስቸግረኝ ማመስገኔ አይደለም፤ ደስ ያለኝ መሆኑ ነው። እበቱ ለስልሶ፣ እኩል ሆኖ፣ አንድ ስንጥቅ ሳይታይበት ሳየው ትከሻዬ ቀለለኝ። ተሸፈነ አልኩ። ፊዚክስ ተምሬ፣ ያልታየ ነገር የለም ብዬ ለማመን አንድ እጅ እበት በቃኝ።

ምራቲቱ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ አከራዬ ወደ እኔ መጥተው፣ ለመጠየቅ እንደከበዳቸው ሰው የቀሚሳቸውን ጫፍ እያሻሹ ተቀመጡ።

«ኢንተለ ኮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ያንቺ ክፍል ከማድቤቱ ጋር በግድግዳ ይገናኛል፣ ይሞቃል። አራሷ እዚህ ብትተኛ፣ አንቺ ደግሞ ለጥቂት ወር ወደ ዳሩ ክፍል ብትሄጂልኝ? ከሰል እያነደድኩ አሞቅላታለሁ።»

«እሺ እማማ» አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት። ሰው ፊት እንቢ ማለት አላውቅበትም።

ከሰል፣ የተዘጋ በር፣ አራስና ጨቅላ፤ ከሥራቸው ደግሞ ባዝቃ። ያን ቀንም ማግስቱንም ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። እውነቱን መናገር አለብኝ እላለሁ፤ ግን እውነቱ አሁን አንድ አይደለም። መደፋቱን ስናገር ውሃ ማለቴን፣ ውሃ ማለቴን ስናገር ምራቲቱን እዚያ ማስቀመጤን፣ እሱን ስናገር አይጥ ሲባል ዝም ማለቴን መናገር ሊኖርብኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ።

«እማማ፣ የኔ ክፍል... ቁንጫ አለበት።»

አከራዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «በጎጆ ብርድ ቁንጫ? ካፖርት ለብሶ ነው የመጣው?»

ምራቲቱም ከማድቤት ጮኸች፤ «ቲቸር መስኮት ከፍታ ጋብዛው ነው!»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። በቃ፣ አራስ ቁንጫ ያለበት ክፍል አታስገባም፣ ዳነች ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ የፈተና ወረቀት ረስቼ ቀትር ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። በክፍሉ በር ሥር ጭስ ይወጣል። መስኮቱ ተዘግቶ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። በሩን ስከፍተው አከራዬ በሁለት የከሰል ምድጃ መካከል ቁጢጥ ብለው የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጨመሩ ያራግባሉ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ዓይናቸው ያነባል።

«ከጠዋት ጀምሮ እያጠንኩልሽ ነው» አሉ እያሳሉ። «አንድ ቁንጫ አይተርፍም።»

«እማማ ይውጡ!»

እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው፤ ሊስቁ ሞከሩ፣ ፊቴን ሲያዩ ተውት። ምራቲቱ ሆዷን ይዛ ከማድቤት ወጣች። ግቢው መካከል ቆመን፣ ሁለቱም እኔን እያዩኝ፣ ተናገርኩ።

«ቁንጫ የለም። ያኔ የፈሰሰው ውሃ አልነበረም። ባዝቃ ነው። ወለሉ ውስጥ አለ።»

«ባዝቃ ምንድን ነው?» አሉ አከራዬ።

የመለሰችው ምራቲቱ ናት፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። «ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው፣ የሚያብረቀርቀው አይደል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «መርዝ ነው?»

«ሲሞቅ ይተናል። ትነቱ መርዝ ነው።»

«እኔ እዚያ ስቀመጥም ነበረ?»

«ነበረ።»

ያቺ ለሁለት የምታወራ ልጅ ምንም ሳትል ወደ ቤት ገባች። አከራዬ እሷን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ጭሱን አዩ፤ ደጋግመው አሳሉ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ክፍሉን ለቀናት ከፍተን ካናፈስነው በኋላ ወለሉን ራሴ ቆፈርኩት። ማንም እንዳይረዳኝ፣ ማንም እንዳይጠጋ ለመንኩ። የለቀለቁልኝ እበት በዶማው ሥር እንደ ቅርፊት እየተነሳ፣ ከሥሩ እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ ያበራ ነበር። አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ አፉን አሰርኩ፤ ለወረዳው ጤና ባለሙያ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁ፤ ከረጢቶቹን ከነጠርሙሱ ወሰዱልኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ በመዝገባቸው ፊርማዬን ሲያዩ «አጥርተሽ ነው የፈረምሽው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ክፍሉ ተዘጋ። አራሷ በዳሩ፣ በቀዝቃዛው ክፍል ተኛች። ሴት ልጅ ወለደች። ሌላ ቤት ልከራይ ስዘጋጅ አከራዬ «አራስ ሳትጠይቂ ነው የምትሄጂው?» ብለው አስገቡኝ። ልጅቷ ያን እኔ ሲሠራ ያየሁትን ኮፍያ አድርጋ ተኝታለች። እናቷ እንድይዛት ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ አንገቷን ደግፊያት» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

የአከራዬ ሳል አልቆመም። በመጨረሻ አምቦ ሐኪም ጋ ይዣቸው ወረድኩ፤ በዚያ መንገድ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ደረታቸውን ይይዛሉ። ሐኪሙ ምን እንደተነፈሱ ጠየቀ።

«የቁንጫ ጭስ ነው ልጄ፤ ባሕር ዛፍ» አሉት ፈጥነው።

ሐኪሙ ሊጽፍ ጎንበስ አለ። «ባዝቃ ነው» አልኩ። «ከጠዋት እስከ ቀትር። የደፋሁት እኔ ነኝ።» እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። ብዙ ጠየቀ፣ ሁሉንም መለስኩ። የሰውነታቸውን ባዝቃ የሚለካ ምርመራ እዚያ እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ልንሞክር እንደምንችል ነገረን። አከራዬ አልሄድም አሉ። ለመንኳቸው፤ አልሄድም አሉ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ምን አስለፈለፈሽ?» አሉኝ። «ስምሽ እንዳይነሳ ብዬ እኮ ነው።»

«እውነቱን ማወቅ አለበት፣ እማማ።»

«አሁን?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መደፋቱ አላናደደኝም። ዕቃ ይደፋል። ውሃ ነው ያልሽኝ ነው። እኔ ቤት፣ እኔን፣ ምን ፈርተሽ ነው?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ኖሮ ይቆጡኝ የነበረው ስለ አንድ ሲኒ ነው።

ዛሬ የማስተምረው ጊንጪ ነው። ተማሪዎቼ ሞተሩን ራሳቸው ይሠራሉ፤ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ ከሥሩ ክብ ማግኔት፣ ከላዩ የታጠፈ የመዳብ ሽቦ። ባዝቃም ሲኒም የለበትም። ሽቦው ከዚያኛው ይልቅ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ እንዳይግል ቶሎ ማንሳት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ ያን ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ይህን ከዓመት በኋላ ነው ያየሁት፤ የዚያን ዕለት ክፍል ውስጥ አንድም ጊዜ አልሳቅኩም። ስለ ባዝቃ ግን እነግራቸዋለሁ፤ ከኋላ ወንበር እንዲሰማ አድርጌ ነው የምናገረው።

ባለፈው በጋ ጎጆ ወጣሁ። ልጅቷ አድጋለች፤ እናቷን መስላ አፏ አያርፍም። ስታወራ ደስታዬ ሙሉ እንዳይሆን አንድ ነገር ይይዘኛል፤ እሰማታለሁ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እሰማለሁ፣ የሆነ ነገር የጎደለ እንደሆነ ብዬ። ምንም አልጎደለም። ግን እሰማለሁ።

አከራዬ ውሃ ሊሰጡኝ ማሰሮውን አነሱ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዕድሜ ነው ይላሉ፤ ሐኪሙም ሊሆን ይችላል ብሏል። ሊሆን ይችላል። ሌላውም ሊሆን ይችላል፤ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፣ የሚገኝም አይመስለኝም። ብርጭቆው ሞልቶ ውሃው በጠረጴዛው ጫፍ ወደ ወለሉ ወረደ። እኔ ቀድሜ ጨርቅ ፍለጋ ተነሳሁ።

ትከሻዬን በዚያው እጃቸው ያዙኝ።

«ተይው ኢንተለ ኮ» አሉኝ። «ይሄ ውሃ ነው።»

ቢሆንም ጎንበስ ብዬ፣ ወለሉ እስኪደርቅ ድረስ ጠረግሁት።